በጊታሩ ላይ የተናገረው ሰውዬ

ከሰበታ ወደ አየር ጤና በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አፌን እንደከፈትኩ ቀረሁ። ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት የታመምኩ መስሏት የያዘችውን የፕላስቲክ ውሃ ዘረጋችልኝ። አልታመምኩም፤ ንዴት ነው። ሾፌሩ ከስልኩ ዘፈን ከፈተ፣ ከበሮው ገና አንዴ ሲመታ አወቅሁት። «ተራራው አየኝ» ነው፤ የኛ ዘፈን፤ ባለቤቴ ቶሎሳ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እዚሁ ሰበታ ካሳተማቸው ሁሉ ሰው አብዝቶ የወደደው። ከስንት ዘመን በኋላ ታክሲ ውስጥ ስሰማው ደስታው ሊያስጮኸኝ ምንም አልቀረው። ዘፋኙ ዘፈነ፣ ዝም አለ፣ ጊታሩ ብቻውን የሚጮህበት ቦታ ደረሰ። እኔም እንደ ልማዴ ትንፋሼን ሰብስቤ ከቶሎሳ ጋር አብሬ ልናገር ተዘጋጀሁ፤ እዚያ ቦታ ላይ ባለቤቴ ይናገራላ። ጊታሩ መሀል ገብቶ ይናገራል፣ መጨረሻ ላይ ትንሽ ሳቅ ይላል፣ ከዚያ ዘፋኙ ይመለሳል። ሠላሳ ምናምን ዓመት እንደዚያ ነው። አፌን ከፈትኩ፤ ቶሎሳ የለም። ጊታሩ ዝም ብሎ ይጮሃል። ባሌን ከገዛ ካሴቱ ውስጥ አውጥተው ጥለውታል። «ወራጅ!» አልኩ። ረዳቱ አየር ጤና ብለውኝ አልነበር ወይ ሲለኝ የትም ይሁን አውርደኝ ብዬ አለም ገና ላይ ወረድኩ። አቧራው መሀል ቆሜ ስልኬን ከቦርሳዬ ፈለግሁ።

ስለ ሱቃችን፣ ስለ ወጨጫ ሙዚቃ ቤት፣ የሚያወራው ሰው አሁን በዛ። ድሮ ዞር ብሎ ያላየን ሁሉ ዛሬ ታሪክ ነጋሪ ሆኗል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ኢንተርኔት ላይ «ከአዲስ አበባ የወጣው የመጀመሪያው ኢንዲ ሮክ» ብለው ለጥፈውታል አሉ። ኢንዲ ምንድነው ብዬ ልጄን ሲፈንን ጠየቅኳት፤ ከትልልቆቹ አሳታሚዎች ሥር ያልሆነ፣ ራሱን የቻለ ማለት ነው አለችኝ። ይሁን፣ እሱስ ልክ ነው። አዲስ አበባ የሚለውን ግን ከየት አመጡት? አዲስ አበባማ አላስገባም ብላን ነው እኮ ራሳችንን የቻልነው! ሱቃችን ሰበታ፣ ጊታሩ የቡራዩ፣ ዘፋኙ የሱሉልታ። አዲስ አበባ ለኛ መሀል መንገድ ላይ የምትገኝ፣ ታክሲ የምንቀይርባት ቦታ ነበረች። አሁን ግን ጥሩ ነገር ሁሉ የሷ ነው፤ ቆሻሻው፣ የፋብሪካው ሽታና የሲኖትራኩ አቧራ ሲሆን ጊዜ ብቻ የሰበታ ይባላል። እሳት ይብላቸውና።

ሱቃችን ከገበያው ወረድ ብሎ፣ ዛሬ ባለመስታወቱ ፎቅ በቆመበት ቦታ ላይ ነበር። ቶሎሳ ሬዲዮ ጠጋኝ ነው። አባቱ ከወጨጫ ተራራ ሥር ጤፍና ምስር የሚያርሱ ገበሬ ናቸው፤ እሱ በኦሮምኛ ይቆጣል፣ በአማርኛ ይዋዋላል፣ ሲደሰት ሁለቱንም ያደባልቃል። አቤት አለባበሱ! ጂንሱን በበረኪና ዘፍዝፎ ያዥጎረጉረዋል፤ ከሰልቫጅ የገዛትን የቆዳ ጃኬት በጋ ከክረምት አያወልቃትም፤ ጸጉሩን ከኋላ አሳድጎ እናቱን ያስለቅሳል። እኔም ብሆን ማን ይስተካከለኛል፤ ትከሻው ላይ ስፖንጅ ያለው ቢጫ ሸሚዜን ለብሼ ባንኮኒው ኋላ ስቆም፣ ከተጂ ለገበያ የመጡ ገበሬዎች ሳይቀሩ ካሴት የሚገዙ መስለው ይቆሙ ነበር። ሻይ በሳንቲም የሚጠጣበት ጊዜ ነው። ቦምቦሊኖው እንደ ጡብ ነው፤ አንዱ ለሁለት ሰው ይበቃል። አንድ አዲስ ካሴት ግን የአንድ ዶሮ ዋጋ ያወጣል፤ ሰው ታዲያ ዶሮውን ትቶ ካሴቱን ይገዛል። ወደ አዲስ አበባ የሚወስደን ውይይት ታክሲ ነበር፤ ፊት ለፊት እየተያየን፣ ጉልበት ለጉልበት እየተጋጨን፣ ስሙም እንደሚለው ስንወያይ እንደርሳለን። ዛሬ ሚኒባስ ውስጥ ሁሉም ስልኩ ላይ አቀርቅሮ የጎረቤቱ ሞት እንኳ አይሰማውም።

ጊታር ተጫዋቹ ግርማ ይባላል፤ የቡራዩ ልጅ ነው። በቀበሌ ኪነት ውስጥ የምርት ዘመቻ ዘፈን ሲያጅብ ያደገ፣ ኪነቱ ሲበተን ጊታሩን ይዞ የቀረ። አንድ ቀን የተበላሸ ማጉያ ሊያስጠግን ወደ ቶሎሳ መጣ። ስፒከሩ ተቀዶ ኖሮ ጊታሩ ሲመታ ይሻክራል፣ ያጓራል። ቶሎሳ ሊጠግነው ብሎኑን ፈታ፣ ከዚያ እጁን ሰበሰበና «እንዲሁ ይቅር» አለው። በዚያች ቃል ነው ወጨጫ ሙዚቃ ቤት የተጀመረው። ሌላ ታሪክ የለውም። ዘፋኙን ታደለን ግርማ አመጣው፤ አባቱ ሱሉልታ ላይ የሣር ድርቆሽ ነጋዴ ናቸው። ከሰማዩ በታች ምንም ስቱዲዮ የሚያስጠጋን ስላልነበረ፣ የአባቱን የኦቦ ጉታን ድርቆሽ ቤት ስቱዲዮ አደረግነው። እስከ ጣራ የተከመረው ድርቆሽ ድምፁን ሁሉ ይውጠዋል፤ ውጭ ቆሞ የሚያዳምጥ ሰው ትንኝ የምትጮህ ነው የሚመስለው፤ ውስጥ ግን ጥርስህ ይነቃነቃል። የሱሉልታ ብርድ ጣት ያደነዝዛል፤ ብናኙ ያስነጥሳል። አንዱ ካስነጠሰ እንደገና ከመጀመሪያው ነው። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ደግሞ በደንብ ላዳመጠው ላም ትጮሃለች፤ ቶሎሳ ላሟ ዜማውን አልሳተችም ብሎ ተዋት። እንግዲህ እነዚህ የዛሬዎቹ «አዲስ አበባ ስቱዲዮ የተቀዳ» ብለው የጻፉት ይኼን ነው። ድንቄም ስቱዲዮ!

የተቀዳውን ይዘን ትልልቆቹ አሳታሚዎች ዘንድ ዞርን። አንዱ ባለሱቅ የጊታሩን ድምፅ ሰምቶ፣ ስፒከራችሁ ተቀዷል፣ አስጠግናችሁ ኑ አለን። ሌላው በፒያኖ ካልሆነ ማን ይሰማዋል አለ። ሦስተኛው እስከ መጨረሻውም አልሰማ፤ ከሰበታ ናችሁ? ብሎ ጠየቀና ሳቀ። ያቺን ሳቅ ዛሬም አልረሳኋትም፤ ሞቼም አልረሳትም። ቶሎሳ እንደተመለስን ሱቁን ከፍቶ ሁለት ቴፕ ፊት ለፊት አስቀመጠ፣ አንዱ እያጫወተ አንዱ እየቀዳ፣ ራሳችን ማባዛት ጀመርን። ሽፋኑን እኔ ነኝ የሣልኩት፤ ወጨጫ ተራራ ላይ የተደገፈ ጊታር። ለገበያ ቀን ወደ ሆለታ፣ ወደ ተጂ፣ ወደ ሱሉልታ በአይሱዙ ሾፌሮች እጅ እንልካለን። መጀመሪያ ሰዉ ሁሉ ካሴቱ ተበላሽቷል እያለ ይመልስልን ነበር። ቶሎሳም አይሰለቸውም፤ ባንኮኒው ላይ ያጫውትለትና አልተበላሸም፣ ተቆጥቶ ነው ይለዋል። የተቆጣ ጊታር! ገበሬው ይስቃል፣ ከዚያ ደግሞ ይወስደዋል። ካሴታችን ሆለታም ገላንም ደረሰ፤ የጎረምሳ ጸጉር ከኋላ ማደግ ጀመረ።

በኋላማ ቀማኞቹ መጡ። ያ የሳቀብን ሰፈር የኛን ካሴት በርካሽ እያባዛ፣ ሽፋኑን ቀይሮ መሸጥ ጀመረ። ቶሎሳ ክፉኛ ተናደደ። በዚያ ዘመን አንዳንዱ ሙዚቃ ቤት በዘፈኑ መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ላይ «ይህ የእገሌ ሙዚቃ ቤት ነው» የሚል ድምፅ ያስገባ ነበር፤ ሌባው ግን እሱን ቆርጦ ይጥለዋል። ቶሎሳ ታዲያ በሁለተኛው ካሴት ላይ ቆርጠው በማይጥሉበት ቦታ ልናገር አለ፤ ማንም ሰው ሊያጣው በማይፈልገው፣ ግርማ ጊታሩን ብቻውን በሚያስለቅስበት ቦታ ላይ። ሱቁን ዘግቶ፣ እኔን ከጎኑ አስቀምጦ፣ ማይኩን ጨብጦ እንዲህ አለ፦ «ይህ ካሴት የወጨጫ ሙዚቃ ቤት ነው፤ ሰበታ። ቀድተህ የምትሸጥ፣ እጅህ ይንቀጥቀጥ! ሀቱ ሂን ታኢን!» የመጨረሻዋ ሌባ አትሁን ማለት ናት፤ ሲናደድ ኦሮምኛው ይቀድመው የለ። እርግማኑን ሲያወርድ ፊቴን አጣምሜ አየሁት፣ እሱም ሳቁ አመለጠው፤ ሳቁም አብሮ ተቀዳ። ከዚያ ድምፁ የሌለበትን ንጹሑን ቅጂ ቴፑን ጎልጉሎ ከሰል ምድጃ ላይ ጣለው። ንጹሕ ቅጂ ካለ ይሰረቃል፤ የሱቁ ሰው ራሱ አውጥቶ ይሸጠዋል፤ በሌላው ሲደርስ አይቷል። ትክክል ነው። ዛሬም ትክክል ነው እላለሁ።

ግርማ ግን ሳይነገረው ኖሮ ከሰው ጋር ታክሲ ውስጥ ሰማው። በማግስቱ ሱቅ መጥቶ የወረደብንን ስድብ አልደግመውም። ሰው ዳቦ ጋግሮ በላዩ ላይ ይተፋበታል ወይ አለው። ንጹሑን አምጣ ሲለው፣ ቶሎሳ በጣቱ ምድጃውን አሳየው። ግርማ ወጣ፤ በዚያው ቀረ። ባንዱ ፈረሰ፣ ታደለ ገላን ሄዶ የፋብሪካ መኪና መንዳት ጀመረ፣ ወጨጫ ሙዚቃ ቤት በሁለት ካሴት አበቃ። ክረምቱ ሳይወጣ ቶሎሳን ሳንባው ጣለው። ሲፈን ገና በደረቷ የምትሳብ ነበረች። ድንኳኑ ውስጥ ማን ያልመጣ አለ? ካሴቱን የሚያደርሱልን ሾፌሮች መጡ፣ ታደለ መጣ፣ ኦቦ ጉታ በዚያ ዕድሜያቸው ከሱሉልታ መጡ። ግርማ አልመጣም። ሰልስት አለፈ፣ አርባው አለፈ፣ ተዝካሩ አለፈ፣ አልመጣም። ጠላት እንኳ ለቅሶ ይደርሳል! በአገራችን ጥል የሚቆመው ድንኳኑ በር ላይ ነው። ያንን ያልደረሰ ሰው ለኔ ሞቷል ብዬ ስሙ ከቤቴ እንዳይነሳ አደረግሁ።

ልጄ አባቷን አታውቀውም። ፎቶው አለ፤ ያቺ ጃኬትና ያ ጸጉር። ድምፁ ግን ያለው እዚያ ጊታር ላይ ብቻ ነው። ሬዲዮ ሲጠግን የኖረ ሰው፣ የሰውን ሁሉ ድምፅ ሲቀዳ የኖረ ሰው፣ የራሱን የቀዳው ለሌባ እርግማን ነው። ሲፈን ሕፃን ሆና ታለቅስና ያንን አጫውትላታለሁ፤ ጆሮዋን ስፒከሩ ላይ ለጥፋ ትሰማለች። ስታድግም ፈተና ሲኖራት፣ ሰው ሲያስቀይማት፣ የታጨች ዕለት፣ ገብታ ትዘጋና ያቺን ቦታ መልሳ መላልሳ ታዳምጣለች። «አባዬ ሳቀ» ትለኛለች ስትወጣ፣ ያን ቀን የሳቀ ይመስል። ከካሴቱ ሌላውን ዘፈን ከቁም ነገር አትቆጥረውም። ቴፑ እዚያ ቦታ ላይ ሳስቶ ነበር፤ ሁለታችንም እናውቃለን፤ እንፈራ ነበር።

ታዲያ ባለፈው ዓመት ናቲ የሚባል ልጅ መጣ። ሰውነቱ ቀጭን፣ ሱሪው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ያለቀ፣ አነጋገሩ ለስላሳ። የጠፉ ሙዚቃዎችን እናድናለን፣ ኮምፒውተር ላይ ከገባ ለዘላለም አይጠፋም አለን። ለዘላለም የሚለውን ስትሰማ የሲፈን ዓይን በራ። እኔ ልቤ አላመነም፤ እሷ ግን፣ እማዬ፣ አንድ ቀን ቴፑ ከመበጠሱ በፊት ይዳን አለችኝ። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ! በገዛ እጇ፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ፣ ሌላው ሁሉ የተባዛበትን ዋናውን ቅጂ፣ ማስተሩንም፣ የራሳችንንም ካሴት ሰጠችው። ከዚያ ወዲህ ዛሬ ነገ ሲለን፣ እኔ እንዲህ ታክሲ ውስጥ ሰማሁት።

አለም ገና ቆሜ ለሲፈን ደወልኩ፣ ሲፈን ለናቲ ደወለች፣ በሳምንቱ ቤታችን መጣ። ኬክ ይዞ መጣ! ሰርፕራይዝ ሊያደርገን ፈልጎ ነው የዘገየው። የሰውዬው ድምፅስ አልኩት። ፊቱ እንደፈካ፣ «ማዘር፣ እሱን ክሊን አድርገነዋል፤ የጊታሩን ሶሎ አበላሽቶት ስለነበር ቆርጠን ጋሽ ግርማን ስቱዲዮ አስገብተን እንደ አዲስ አስመታነው» አለኝ። ጋሽ ግርማ! እንዲያውም የቶሎሳ ድምፅ ይነሳ ብሎ የለመናቸው ግርማ ራሱ ነው። ለቅሶ ያልደረሰው ሰው፣ ከስንት ዘመን በኋላ መጥቶ ባሌን በጊታር አፉን ደፈነው። ሲፈን ግን ዋናው አለ ብላ ምንም አልመሰላትም ነበር፤ ኬክ እየቆረሰች፣ በቀስታ፣ ያልተቆረጠውን ስጠኝ አለችው። ልጁ ያኔ ነው ነገሩ የገባው። ማስተሩን ለመጨረሻ ጊዜ ሲያጫውቱት ያቺን ቦታ ማሽኑ በልቷታል፤ የራሳችንንም ካሴት ከሳሳችበት ላይ ቀድሞ በልቶት ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ደግሞ የጸዳው ብቻ ነው፤ ሌላውን ቦታ ይይዛል ብለው አጥፍተውታል። «ሰውየው ማን እንደሆነ አላወቅንም ነበር» አለ። አልጠየቃችሁማ! ማን ነው ብላችሁ አልጠየቃችሁማ! ሲፈን ቢላዋውን አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገባች። በሠላሳ ምናምን ዓመቷ የአባቷን ሞት ያን ቀን ተረዳች። ሰው ሲሞት ለቤተሰቡ መርዶ እንደሚነገር፣ እኔም ቤቴ ተቀምጬ የቶሎሳን መርዶ ሁለተኛ ሰማሁ።

ከዚያ ፍለጋ ነው። ያ ሁሉ ካሴት ተሸጧል፣ አንድ እንዴት ይጠፋል ብለን ተነሳን። ተጂ ሄድን፤ ጣልነው አሉን። ሆለታ ሄድን፤ ልጆች ቴፑን ጎልጉለው ወፍ ማባረሪያ ጤፍ ላይ ዘርግተውታል። የሱቅ ጎረቤታችን የነበሩት ሐጂ በደስታ ሣጥን ሙሉ ካሴት አወጡልኝ፤ የሣልኩት ተራራ እንኳ ሽፋኑ ላይ አለ። አጫወትነው፤ መንዙማ። ሌላ እንዳይቀዳበት የምትከለክለውን የጀርባውን ቀዳዳ በወረቀት ደፍነው ቀድተውበታል። ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ ያሉት ሴትዮ ዘንድ ደግሞ መዝሙር ሆኖ ጠበቀን። አልፈርድባቸውም፤ ባዶ ካሴት ውድ ነበር፤ ሰው የሚያስፈልገውን ይቀዳል። ግን ቶሎሳን ግማሹ በመዝሙር ግማሹ በመንዙማ እንዲህ ሸፍኖት ሳየው፣ ተዝካሩን በሁለቱም ሃይማኖት ያወጡለት ነው የመሰለኝ። ታደለ ገላን ላይ ሞቷል፤ የኦቦ ጉታ ድርቆሽ ቤት ፈርሶ የውሃ ፋብሪካ መጋዘን ሆኗል። የቀረን አንድ ሰው ብቻ ነበር። ሲፈን ቡራዩ እንሂድ ስትለኝ፣ ሬሳዬ ካልሆነ አልሄድም አልኳት። ለብቻዋ ልትሄድ ነጠላዋን ስታነሳ ግን ከተል ብዬ ወጣሁ። የምሄደው ልሰድበው ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ ደግሞም እውነቴን ነበር።

ግርማ የሚኖረው ወደ ገፈርሳ በሚወስደው መንገድ፣ በቆርቆሮ አጥር ግቢ ውስጥ ነው። ባንዱ ከፈረሰ በኋላ ላዳ ታክሲ ሲነዳ ኖሮ፣ ላዳዋም እንደሱ አርጅታ ከዛፍ ሥር ቆማለች። ሲያየኝ ብድግ አለ። ጎብጧል፤ ጣቶቹ እንደ ዝንጅብል ተጣመዋል። ይኼን ሁሉ ዓመት በሆዴ ያስቀመጥኩትን ስድብ አንድም ሳላስቀር ቆሜ አወረድኩለት። ስጨርስ ሲፈንን እያየ ልጁ ነሽ? አላት። ናት፣ አባቷን የደፈንክባት ልጅ ናት አልኩት። ከዚያ ነገሩን ሁሉ እሷ በእርጋታ ነገረችው፤ ድምፁ ሌላ የትም እንደሌለ፣ ሁሉም እንደጠፋ። ግርማ፣ ሌላ ቅጂ አላቸው ብዬ ነው አለ። እንጂ የቶሎሳን ድምፅ ከምድር ላጥፋ ብዬ አይደለም አለ። ከዚያ ወደኔ ዞረና እንዲህ አለኝ፦

«ዘኑ፣ አንቺ ታክሲ ውስጥ ሰማሽው። እኔም ያኔ ታክሲ ውስጥ ነው የሰማሁት። በሕይወቴ አንዴ ነው እንደዚያ የመታሁት፤ በዚህ ጣት አሁን ብሞክረው የት ልደርስበት። ያ የመታሁት ከሱ ድምፅ ሥር ነው ያለው። እሱ ከጠፋ የኔም ጠፋ።»

ይኼን ሲል ልቤ ትንሽ እንኳ አልራራም፤ አልዋሽም። ለቅሶውስ? አልኩት። ለቅሶውን አታንሺብኝ አለ፤ ቡራዩ መናኸሪያ ድረስ እየመጣሁ እመለስ ነበር፣ ንዴቴ አልበርድ ብሎኝ፣ ከበረደልኝ በኋላ ደግሞ አፍሬ። ይኼን ብሎ ቤት ገባና በላስቲክ የተጠቀለለች ነገር ይዞ ወጣ። የኛ ካሴት። ያን ቀን ከውይይቱ ሾፌር ላይ ገንዘብ ሰጥቶ ነጥቆ የወሰዳት ናት። ለምን አስቀመጥካት ስትለው ሲፈን፣ ያደረገብኝን እንዳልረሳ አላት። ከዚያን ዕለት ወዲህ አንድም ቀን አጫውቷት አያውቅም። የኛ ፍቅር ቴፑን አሳስቶ አስበላው፤ የሱ ቂም አድኖ አቆየው። ይኼ ነው እንግዲህ የዓለም ፍርድ፣ እኔ ምን ልበል።

የሚሠራ ቴፕ ያለው ላዳዋ ውስጥ ብቻ ነው። ባትሪ ከጎረቤት ተበድሮ አሰረ፤ ካሴቱን የሚያነበውን የቴፑን ምላስ በጥጥና በአልኮል ጠረገ። ካሴቷ አርጅታለች፣ አንዴ ብቻ ነው የምናጫውታት፣ ሁለተኛ ላትደግም ትችላለች አለን። ሦስታችን ላዳ ውስጥ ገባን፤ እሱ መሪው ጋ፣ ሲፈን ከጎኑ፣ እኔ ከኋላ። የውጭ ድምፅ እንዳይገባ በሩን ዘጋን። ሲፈን ስልኳን አውጥታ ስፒከሩ ላይ አስጠጋች። ቴፑ መጀመሪያ እያላዘነ ጎተተ። ከዚያ ከበሮው መታ። ታደለ፣ ሟቹ፣ በሃያ ዓመት ጉሮሮው ዘፈነ። ዝም አለ። ጊታሩ ተነሳ፤ ምን ይዋሻል፣ አስለቃሽ ነው። እናም ቶሎሳ ደረሰ።

«ይህ ካሴት የወጨጫ ሙዚቃ ቤት ነው፤ ሰበታ።» ግርማ ባርኔጣውን አወለቀ። «ቀድተህ የምትሸጥ፣ እጅህ ይንቀጥቀጥ!» የሲፈን እጅ ስልኩን እንደያዘ ይንቀጠቀጣል፤ ከኋላ ሆኜ ክንዷን ጨብጬ ያዝኩላት። «ሀቱ ሂን ታኢን!» አለና ሳቀ። እኔ ፊቴን ሳጣምምበት የሳቃት ሳቅ፣ ያቺው። ግርማ ቴፑን ወዲያው አጠፋው። ከዚያ ወደ ኋላ ዞሮ፣ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ሠላሳ ምናምን ዓመት የቆየችውን ቃል ተናገረ፦ «እግዜር ያጥናችሁ።» ይቅር አልኩት እንዳትሉኝ። አላልኩትም። ግን ለቅሶ ለደረሰ ሰው መልስ አይነፈግም፤ አሜን አልኩት።

ሲፈን ስልኳን ከፍታ፣ መቀዳቱን አረጋግጣ፣ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው። ልክ እንደ ሕፃንነቷ። እኔ ደግሞ በላዳዋ መስኮት ወደ ሰማይ ቀና አልኩ። ቶሎሳ፣ ልጅህ ቀድታሃለች። ሌባ ካልካት፣ ተነስና ክሰሳት።